ትይዩ ቋንቋን ሜሞሪ በማይጋሩ ኮምፒውተሮች ላይ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምስት ኪሎ የኮምፒውተር ላብ (ቤተ ሙከራ) ውስጥ 8 ኮምፒውተር በአንድ ጊጋቢት ስዊች (በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ ማገናኛ) ማገናኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ፈተናው ትይዩ ቋንቋን፣ ማለትም አንድን ሥራ ለብዙ ማሽን ከፍሎ በአንድ ጊዜ የሚያሠራ የፕሮግራም ቋንቋን፣ ተርጉሞ ለስምንቱ ኮድ የሚያወጣ ኮምፓይለር (ተርጓሚ ፕሮግራም) መጻፍ ሲጀመር ነው።

የሩቁን ዳታ እንደ ቅርቡ መቁጠር። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሉፑ (ተደጋግሞ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ጎረቤት ማሽን ላይ ያለ ቁጥር ሲፈልግ ኮምፓይለሩ እዚያው ሉፑ ውስጥ «አምጣ» የሚል ትእዛዝ ያስገባል። መልሱ ትክክል ይወጣል፤ ፍጥነቱ ግን ከአንድ ኮምፒውተርም ሊያንስ ይችላል። በቲሲፒ (በተለመደው የኔትወርክ መላላኪያ ደንብ) የሚሄድ መልእክት የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን 50 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ 1,000 ቁጥር አንድ በአንድ ሲላክ 50 ሚሊሰከንድ ሆነ ማለት ነው። ሺውን ጠቅልለው ቢልኩት፣ አንዱ ቁጥር 8 ባይት ሲሆን፣ 8,000 ባይት ነው፤ በጊጋቢት መስመር የሚጨምረው 64 ማይክሮሰከንድ ብቻ ነው። ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚመላለሰው ሚኒባስም ሞልቶ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ሉፑ የሚነካቸውን ኢንዴክሶች (የቁጥሮቹን ተራ) አስቀድሞ ያስላ፣ ለጎረቤት ጠርዝ የሚሆን ትርፍ ቦታ በአሬዩ (በቁጥሮቹ ዝርዝር) ግራና ቀኝ ይተው፣ መልእክቱንም ከሉፑ በፊት አንዴ ይላክ። ሉፑ ራሱ የጻፈውን መልሶ የሚያነብ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም፤ ያንን ሳይመረምሩ መልእክት ከቦታው አያንሱ።

የአሬዩን አከፋፈል በሚያምር፣ ያለ ቀሪ በሚካፈል ቁጥር ብቻ መፈተሽ። 100 ቁጥር ለ8 ማሽን ሲካፈል 12 ብለው ከቆረጡ 4 ቁጥር ባለቤት ያጣል። ወደ ላይ 13 ካደረጉት ሰባቱ 13 13 ይይዛሉ፣ የመጨረሻው 9። ከዜሮ ሲቆጠር 57ኛው ማሽን 4 ላይ፣ ቦታ 5 ላይ ይገኛል። ቀጥሎ 9 ቁጥር ለ8 ማሽን ይሞክሩ፦ በዚሁ ስሌት ሦስቱ ማሽኖች ባዶ ይቀራሉ፤ ብዙ ኮድ የሚወድቀው እዚህ ነው።

ሁለቱም ወገን መጀመሪያ እንዲልክ ማድረግ። በኤምፒአይ (ማሽኖች መልእክት በሚለዋወጡበት የፕሮግራም መደበኛ ስልት) ትንሽ መልእክት ባፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ገብቶ ስለሚያልፍ ሙከራው ይሳካል። ትልቁ ግን ተቀባይ እስኪዘጋጅ ይጠብቃል፣ ሁለቱም እንደተጠባበቁ ይቀራሉ። መቀበያው ፕሮግራሙን ሳያግድ ቀድሞ ይከፈት፣ ከዚያ ይላክ።

ድምሩ እስከ መጨረሻው አሃዝ እንዲገጥም መጠበቅም ስህተት ነው፤ ኮምፒውተር የዴሲማል ቁጥርን ስለሚያጠጋጋ ድምሩ እንደ መደመሪያው ቅደም ተከተል በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል።

መብራት የሚቋረጥበት ላብ ከሆነ ውጤቱን በየተወሰነ ዙር ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፤ ግን በአሮጌው ፋይል ላይ አይጻፉ። ስምንቱም አዲሱን ጨርሰው መጻፋቸው ሳይረጋገጥ አሮጌው አይጥፋ፤ አለበለዚያ ሰባቱ ከዙር 400 አንዱ ከዙር 300 ይነሱና ስህተት ሳያሳዩ የተበላሸ መልስ ይሰጣሉ።