የሲቪሉን ጠመንጃ የትኛው ሕግ እንደቀረጸው ከመልኩ ለማወቅ

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ሥራዬ ለጨረታ የሚቀርቡ የቆዩ የጦር መሣሪያዎችን መርምሮ መግለጫ መጻፍ ነው። የወረሱትን ጠመንጃ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ «ይህ የወታደር ነው ወይስ የሲቪል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ ብረቱና እንጨቱ ላይ አለ፤ ለማንበብ ግን ከፋብሪካው ስም ይልቅ የአሜሪካን የማስመጣት ሕግ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መሣሪያው ባዶ መሆኑን ባለቤቱ ፊት አረጋግጡ። ከዚያ ጥሩ መብራትና አጉሊ መነጽር ይዛችሁ የአስመጪውን ስም ፈልጉ። ሕጉ አስመጪው ስሙን፣ ከተማውንና ግዛቱን እንዲቀርጽ ያስገድዳል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ደቃቅ ነው፤ አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ከሥር በኩል ይገኛል። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ «ለስፖርት ዓላማ ተስማሚ» ያልሆነ መሣሪያ እንዳይገባ ከለከለ፤ ከወታደር የተራረፈ ጠመንጃም በሩ ተዘጋበት። በሩን መልሶ የከፈተው በ1984 የወጣው የንግድና ታሪፍ ሕግ ነው፤ የተከፈተውም ለሰብሳቢዎች ለሚሆኑ ያረጁ መሣሪያዎች ነበር። ስለዚህ አንድ የጣሊያን ካርካኖ ላይ የአስመጪ ስም ካለ ምናልባት ከ1984 በኋላ የገባ ነው። ከሌለበት ከ1968 በፊት በንግድ የገባ ወይም ወታደር ከጦር ሜዳ ይዞት የተመለሰ ሊሆን ይችላል።

ሽጉጥ ከሆነ ቁመቱን ለኩ። ሽጉጦች ወደ አገር ለመግባት የሚመዘኑበት የነጥብ አሰጣጥ ወጥቶላቸዋል፤ ርዝመት፣ ቁመት፣ ክብደትና የማነጣጠሪያው ዓይነት ነጥብ ያስገኛሉ። የጀርመኑ ዋልተር ፒፒኬ በቁመቱ ማነስ ወደቀ። ፋብሪካው የፒፒኬን የላይኛ ክፍል ከፍ ባለው የወንድሙ የፒፒ አካል ላይ ገጥሞ ፒፒኬ/ኤስ የሚባለውን ሠራ፤ ልዩነቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሕጉ የሚይዘው ከውጭ የሚገባውን እንጂ አገር ውስጥ የሚመረተውን ስላልሆነ፣ ያው የተከለከለው ፒፒኬ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ተመርቶ ተሸጠ። ይህ የድንበር ሕግ መሆኑን ልብ ያላለ ሰው ቀጥሎ ያለውንም አይረዳም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ሰደፉ ነው። በጥር 1989 ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በቻይና ሠራሽ የክላሽ ዓይነት ጠመንጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አምስት ሕፃናትን ገደለ። ይህን ሞት ሳልጠቅስ ስለዚያ ዘመን ጠመንጃ መግለጫ አልጽፍም፤ የእንጨቱን ቅርጽ የቀየረው እሱ ነውና። በዚያው ዓመት የፕሬዚዳንት ቡሽ መንግሥት የወታደር መልክ ያላቸውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ማስገባት ከለከለ። የተቆጠሩትም የሽጉጥ ዓይነት እጀታ፣ ታጣፊ ሰደፍ፣ የሳንጃ መግጠሚያ፣ የእሳት ብልጭታ መሸፈኛና የመሳሰሉት ነበሩ። የቻይናው ኩባንያ ኖሪንኮ ክልከላውን ለማለፍ ማክ-90 የሚባለውን ጠመንጃ ሠርቶ መጣ። እጁ የሚይዘው ለብቻው የወጣ እጀታ አይደለም፤ ሰደፉ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ እንጨት ሆኖ መሐሉ ላይ አውራ ጣት የሚያልፍበት ቀዳዳ አለው። የሳንጃ መግጠሚያው የለም። ይህን ሰደፍ አስቀያሚ ነው ብለው አውልቀው የሚጥሉትን ሰዎች አጥብቄ እለምናለሁ፦ ተዉት! የዘመኑ ማስረጃ እሱ ነው፤ ሰደፉን መቀየርም ራሱን የቻለ የሕግ ጥያቄ ያስነሳል። በ1994 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለቻይና የንግድ መብቷን ሲያድሱ የጦር መሣሪያና የጥይት ንግዷን ዘጉ፤ ስለዚህ ማክ-90 የጥቂት ዓመታት ምርት ሆኖ ቀረ።

የሩሲያውን የክላሽ ዓይነት ሳይጋ ያየ ሰው፣ ይህንኑ ክልከላ እንዲያልፍ ተብሎ ቃታው ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ ሰደፉም የአዳኝ ጠመንጃ መስሎ ያገኘዋል። ሠሪው የካላሽንኮቭ ኩባንያ በ2014 የአሜሪካ ማዕቀብ ሲጣልበት አዲስ ማስገባት ቆመ።

ሩማንያ ሠራሹ የክላሽ ዓይነት ዋስር-10 ላይ የካዝናውን ማስገቢያ ተመልከቱ። በ1998 ትልቅ የወታደር ካዝና የሚቀበል ጠመንጃ ለስፖርት አይሆንም ተብሎ ስለተወሰነ፣ ከሩማንያ የሚመጣው ቀጭን ካዝና ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ነበር፤ ማስገቢያውን አስመጪው አሜሪካ ውስጥ አሰፋው። ጠርዙ ላይ የመሣሪያ ጭረት ከታየ ያ የሥራው ዱካ ነው። ውስጡ አሜሪካ ሠራሽ ክፍሎች ቢገኙም ጠጋኝ የነካካው አይምሰላችሁ፤ ደንቡ 20 ክፍሎችን ዘርዝሮ ከውጭ የመጡት ከ10 እንዳይበልጡ ስለሚያዝ ነው።

እኛን በቅርብ የሚነካው የመጨረሻው ነው። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ የቆዩ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ ገብተው ተሸጠዋል፤ ከጣሊያን የተማረከ ካርካኖ፣ ሞዓ አንበሳ የተቀረጸበት የቤልጂግ ማውዘር፣ የፈረንሳዩ ውጅግራም አለበት። 50 ዓመት የሞላው መሣሪያ ለሰብሳቢ በሚፈቀደው መንገድ ያልፋል። እስከ 1898 ድረስ የተሠራው፣ እንደ ውጅግራ ያለው፣ በፌዴራል ሕግ ቅርስ እንጂ የጦር መሣሪያ አይባልም፤ የግዛቶቹ ሕግ ግን ይለያያልና የአካባቢያችሁን ጠይቁ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ እጃችሁ ከገባ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ቀለምም አትቀቡት። የባለቤት ስም ወይም ምልክት የተፈለፈለበት ሰደፍ፣ ተሰብሮ በቆዳ ወይም በሽቦ የታሰረ እንጨት፣ ማህተሙና የአስመጪው ጽሑፍ በአንድነት ይነበባሉ። ከመወልወላችሁ በፊት ሁሉንም ማስመሪያ አጠገባቸው አድርጋችሁ ፎቶግራፍ አንሱ፤ የገዛችሁበትን ደረሰኝና ቀኑንም አብራችሁ አስቀምጡ።