በተዘጋ የሳይንስ ሕንጻ ዙሪያ የጸደይ አበባን እንዴት መመዝገብ ይቻላል

ደሴ ውስጥ አገልግሎት ባቆመ የዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ሕንጻ ግቢ የቀሩ ዛፎች ለአበባ ምዝገባ ተንከባካቢ ካለው የአትክልት ስፍራ ይሻላሉ፤ ውሃ የሚያጠጣቸውም ሆነ የሚገርዛቸው ስለሌለ የሚያብቡት ዝናቡንና ሙቀቱን ተከትለው ነው።

አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ጥበቃውንም ያነጋግሩ። ሕንጻው ውስጥ ግን አይግቡ። ከቤተ ሙከራ የቀረ ጠርሙስ ጽሑፉ ቢጠፋም አሲድ ሊይዝ ይችላል፤ ከተሰበረ ቴርሞሜትር የፈሰሰ ሜርኩሪም መርዛማ ትነት አለው።

ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዛፍ ይምረጡ። ጃካራንዳና ወፍ ዘራሽ ኮክ ከተገኙ ጥሩ ነው፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ቅጠል ሳያወጡ ስለሚያብቡ አበባቸው ከሩቅ ይለያል። ግድግዳ ጥግ ያለውን ዛፍ ግን ይተዉት። ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ስለሚለቅ ዛፉን ሊያስቀድመው ይችላል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት የመዘገብኩት የግድግዳውን ሙቀት እንጂ የወቅቱን አልነበረም። ለምልክት ሚስማር ከመምታት ይልቅ ቁራጭ ጨርቅ ላላ አድርገው ይቋጥሩ።

ባሕረ ሐሳቡ ጸደይን ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቢያደርገውም፣ ደጋ ላይ ኮክ ገና በበጋው ሊያብብ ስለሚችል ምዝገባውን ከጥር ይጀምሩ። በሳምንት ሁለት ጠዋት ያንኑ ቅርንጫፍ እያዩ ሦስት ቀኖችን ይጻፉ፦ የመጀመሪያው አበባ የፈካበትን፣ ግማሹ የፈካበትንና አብዛኛው የረገፈበትን። የኮክ እምቡጥ ቡናማ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ሮዝ ጫፉ ብቅ ሲል ፈካ ማለት አይደለም፤ አምስቱ የአበባ ቅጠሎቹ ተዘርግተው በመካከላቸው ያሉት ቀጫጭን ዘንጎች እስኪታዩ ይታገሡ። ጃካራንዳ ደግሞ አበባውን ከነቱቦው ስለሚጥል መሬቱ ሐምራዊ ሆኖ ሲያዩ ያለቀ ይመስላል፤ ስለዚህ ቀና ብለው ቅርንጫፉን ሳያዩ አይጻፉ። የአምናው ጠፍጣፋ ቡናማ ፍሬም አብሮ ስለሚንጠለጠል አያሳስትዎ።

ከቀኑ ጎን ዝናቡንና በረዶውን ያስፍሩ። የበልግ በረዶ አበባውን በአንድ ከሰዓት ሊያራግፈው ይችላል፤ ይህ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን የሚያነብ ሰው አበባው ጊዜውን ጨርሶ የረገፈ ይመስለዋል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል፣ እዚያ ያለ ወዳጅዎ ያንኑ ዓይነት ዛፍ ከመዘገበ የሁለታችሁን የመጀመሪያ አበባ ቀን ያስተያዩ። ደብተሩ ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ የበልግ ካፊያ የእስክሪብቶ ቀለም ሊያጠፋ ይችላል።