ቶሎ የሚገነፍል ውሻን በጉርሻ ማለማመድ

ውሻዬ ዳማ የቆራሌውን ሱሪ የቀደደ ቀን ጥፋቱ የኔ ነበር። የግቢውን በር ሳልቆልፍ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ሰውየው ከነማዳበሪያው አጥሩ ላይ ተለጥፎ ቆሟል፣ ውሻዬ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኽበታል፣ ጎረቤቱ በሙሉ ወጥቶ ያያል። ጥርሱ ሥጋ አልነካም፣ እግዜር ይመስገን። የሱሪውን ከፈልኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ማታ ቁጭ ብዬ ከዚህ ውሻ ጋር እንዴት እንደምኖር ማሰብ ጀመርኩ። የምጽፍላችሁ ከዚያ ወዲህ አንብቤም ተሳስቼም የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ውሻው ምን እያለ እንደሆነ እንይ። ሰው፣ ሌላ ውሻ፣ ባጃጅ ወይም ጃንጥላ ሲያይ ገመዱን እየዘረጠጠ የሚወረወረውን ውሻ "ኃይለኛ ነው" እንለዋለን፤ የሚኮራበትም አለ። አብዛኛው ግን ፈሪ ነው። ጩኸቱ "ሂድልኝ፣ አትቅረበኝ" ነው። ክፋቱ ደግሞ ይሠራለታል። ቆራሌው መቼም መንገዱን ይቀጥላል፣ አይደል? ውሻው ግን "ጮኼ አባረርኩት" ብሎ ነው የሚይዘው። በቀን 10 ሰው በበሩ ካለፈ 10 ጊዜ ተለማመደ ማለት ነው። ሌላ ዓይነትም አለ፦ ሰው ጋ ሄዶ መጫወት አምሮት ገመዱ ስለያዘው በንዴት የሚጮኽ። እሱ ሲፈታ ጭራውን እየቆላ ይልሳችኋል። የሥልጠናው መንገድ ግን ለሁለቱም ያው ነው ማለት ይቻላል።

እኛ ጋ ይሄ ለምን እንደበዛ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ጋቢ የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ፣ ሌላ ውሻ በሰላም ካየ፣ በኋላ ብዙም አይደነግጥም። እኛ ግን ልክ በዚያ ዕድሜው በር ላይ እናስረዋለን። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ፣ በአጥሩ ቀዳዳ የሰው እግር ብቻ እያየ የሚያድግ ውሻ፣ ልጆች ድንጋይ የሚወረውሩበት ውሻ ምን ሊሆን ኖሯል? ሰው ጎንበስ ካለ ድንጋይ ሊያነሳ ነው፣ ይህን የማያውቅ የሀበሻ ውሻ የለም። ዳማን የወሰድኩት በ5 ወሩ ከሰንሰለት ላይ ነው፣ አንገቱ ላይ ፀጉር አልነበረውም።

ሥልጠና ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ጋ ውሰዱት። ጆሮው የሚያመው ወይም ጥርሱ የተበላሸ ውሻ ሰው ሲቀርበው ይቆጣል፣ ያንን ደግሞ ጉርሻ አያድነውም። በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በየዓመቱ አስወጉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሰላማዊ የነበረ ውሻ በጥቂት ቀን ውስጥ ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው አትንኩት፣ ሥልጠናም አትሞክሩ። ለይታችሁ ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ።

አሁን ስለ ጀበና። ቡናው ሲገነፍል ጀበናውን ከእሳት ታወርዳላችሁ እንጂ አትቆጡትም። ውሻም እንደዚያው ነው። ከገነፈለ በኋላ አይሰማም፣ አይማርም፣ ሥጋ አፍንጫው ሥር ብታደርጉለት አያየውም። ሥራው ሁሉ ከመገንፈሉ በፊት ነው። ስለዚህ ሲሞቅ የሚያሳየውን ምልክት ማወቅ አለባችሁ። እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። ፊቱን ያዞርና በዓይኑ ጥግ ያያል፣ ነጩ ይታያል። አፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ከዚያ ድርቅ ይላል፣ ይቺ ድርቅ ማለት የመጨረሻዋ ደወል ናት። ጭራ መቁላቱ አያታልላችሁ፤ ጭራው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደስታ አይደለም።

እሳቱ ደግሞ ይደመራል። ጠዋት ርችት ሰምቶ፣ ቀጥሎ እንግዳ መጥቶ፣ ቀጥሎ ባጃጅ ካለፈ፣ ሌላ ቀን ዝም የሚለውን ሕፃን ማታ ላይ ይጮኽበታል። "ያለምንም ምክንያት" የምንለው አብዛኛው እንዲህ ነው። ክፉኛ ከገነፈለ በኋላ ቶሎ አይበርድም፣ ስለዚህ አንድ ሁለት ቀን መንገድ አታውጡት፣ ይተኛ፣ አጥንት ያኝክ።

ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዙ። ምን አየ፣ ስንት እርምጃ ላይ ነበር፣ ምን አደረገ። እኔ ዳማ ሰው ሁሉ ላይ ይጮኻል ብዬ እምል ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር አወጣ፦ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ላይ እስከ 10 ሜትር ዝም ይላል፣ ማዳበሪያ ወይም ዱላ የያዘ ሰው ላይ ግን በ35 ሜትር ይጀምራል። ሞተር ሳይክል ደግሞ ድምፁ ከተሰማ አለቀ።

በዚህ መሀል ልምምዱን አቁሙበት፣ የመጥፎውን ማለቴ ነው። የበሩን የታችኛውን ክፍተት በቆርቆሮ ሸፈንኩት፣ እግር የሚያይበት አጣ። ሰንሰለቱን ጣልኩት፣ ቀን ቀን ጓሮ ይውላል። ለእግር ጉዞ ሰው ሳይበዛ እወጣለሁ። ይሄ ብቻውን የጩኸቱን ግማሽ ወሰደው ብል አላጋነንኩም፣ ወጪው ደግሞ አንድ ቆርቆሮና ጥቂት ሚስማር ነው።

ጉርሻው ምን ይሁን? ደረቅ እንጀራ አይሆንም፣ ለደረቅ እንጀራ ብሎ ቆራሌን የሚረሳ ውሻ አላየሁም። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ጉበት ወይም ሳንባ ግዙ፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅሉት፣ የሽምብራ ፍሬ አሳክላችሁ ክተፉት። ሳንባ ርካሽ ነው፣ ደረቅ ስለሚል ኪስም አያቆሽሽም። የወጥ ትራፊ ግን ተዉ። ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም፣ የውሻን ደም ይጎዳል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል። ውሻውን አስርቦ ማሠልጠንም አያስፈልግም፣ የተራበ ውሻ ራሱ ቶሎ ይናደዳል።

ቀጥሎ አንድ ቃል ምረጡ። የኔ "ጎሽ" ናት። አጭር ናት፣ ከአፍ ቶሎ ትወጣለች፣ ስትቆጡ አትሏትም። ቤት ውስጥ፣ ምንም በሌለበት፣ "ጎሽ" በሉና ወዲያው አጉርሱት። 10 ጊዜ፣ ከዚያ እረፍት። ከጥቂት ቀን በኋላ ቃሏን ሲሰማ አንገቱን ወደናንተ ከጠመዘዘ ገብቶታል። በተጨማሪ "ና እንሂድ" ብላችሁ ዞር ብሎ መከተልን አስለምዱት፣ እሱንም በጉርሻ፣ እሱንም መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ። ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ድንገት ሲመጣባችሁ የምታመልጡት በዚያ ነው።

ዋናው ሥራ እንዲህ ነው። የእህቴን ልጅ ማዳበሪያ አሸክሜ ሜዳው ጫፍ ላይ ከአንድ ቤት ጀርባ እንዲቆም አደረግሁ። እኔና ዳማ 50 ሜትር ያህል ርቀን ቆምን። አንገቱን ሳይሆን ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ነው ያደረግሁለት፣ ገመዱ 3 ሜትር፣ ላላ ያለ። ልጁ ብቅ አለ። ዳማ ጆሮውን አቆመ፣ አየው። "ጎሽ"፣ ጉርሻ። አሁንም አየው፣ "ጎሽ"፣ ጉርሻ። ልጁ እስካለ ድረስ ሳንባው አይቋረጥም። ልጁ ቤቱ ጀርባ ሲገባ ጉርሻው ቆመ፣ እጄን አጣጠፍኩ። እንደገና ብቅ፣ እንደገና ጉርሻ። 6 ወይም 7 ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ልጁ ሲወጣ ዳማ አንዴ አየውና ፊቱን ወደኔ አዞረ፣ "የታለ ታዲያ?" የሚል ዓይን። እኔ ሜዳው መሀል ብቻዬን ሳቅሁ።

ቅደም ተከተሉ ላይ አትቀልዱ። መጀመሪያ የሚፈራው ነገር ይታያል፣ ከዚያ ጉርሻው ይመጣል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾቹን በድምፅ ብቻ ምራቃቸውን ያስወጣቸው ድምፁ ከምግቡ ቀድሞ ስለመጣ ነው። ብትገለብጡት፣ ጉርሻውን አስቀድማችሁ ካወጣችሁ፣ ሳንባው ራሱ "ሊመጣ ነው" የሚል ማስጠንቀቂያ ይሆንና ውሻው ኪሳችሁን ሲያይ መፍራት ይጀምራል። እኔ ይህን ስህተት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሠርቼዋለሁ።

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። በማግስቱ አንድ ሁለት ሜትር ብቻ ቅረቡ። ከጮኸ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ "ና እንሂድ" ብላችሁ ራቁ፣ እስኪረጋጋ ጠብቁና ከሩቅ ጀምሩ። ርቀቱ አንድ ቀን ይጠባል፣ አንድ ቀን ይሰፋል።

"ሲጮኽ ማጉረስ መጮኽን ማስተማር አይሆንም?" ይላሉ ሁሉም። መጀመሪያ ነገር፣ በትክክለኛው ርቀት ላይ ከሆናችሁ አይጮኽም። ሁለተኛ፣ ፍርሃት በምግብ አይጨምርም። እናንተ እባብ ስትፈሩ አንድ ሰው በየጊዜው መቶ ብር ቢሰጣችሁ እባቡን የበለጠ ትፈሩት ይሆን? እኛ የምንለውጠው ጩኸቱን አይደለም፣ ከጩኸቱ ሥር ያለውን ስሜት ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ያየው ሰው ጉርሻ ይዞለት ከመጣ ምን ብሎ ይጮኽበታል?

ስለ ዱላው ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። ከዚህ ሁሉ በፊት አሠልጣኝ ነኝ የሚል ሰው ገንዘብ ከፍዬ አምጥቼ ነበር። "ጌታው ማን እንደሆነ አሳየው" አለኝ፣ ባጉረመረመ ቁጥር በሚያንቅ ሰንሰለት ጎተተው። በሳምንቱ ማጉረምረም አቆመ። ደስ አለን። ከዚያ ሳያጉረመርም መንከስ ጀመረ፣ የመጀመሪያዋም የኔው እጅ ናት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፣ ማስጠንቀቂያውን ቀጥታችሁ ስታጠፉት ፍርሃቱ ቦታው ላይ ይቀራል። ደግሞም ቆራሌ በመጣ ቁጥር የሚታነቅ ውሻ ቆራሌን የሚጠላበት አዲስ ምክንያት አገኘ። የጌትነቱ ወሬ መነሻው ተዘግተው በተያዙ ተኩላዎች ላይ የተደረገ የድሮ ጥናት ነው። የተኩላ ተመራማሪው ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1999 እንደጻፈው በዱር ያለ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ እናትና ልጆች ናቸው፣ ቤተሰብ ማለት ነው። በእንስሳት ጠባይ ላይ የሚሠሩት የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋም ለማንኛውም ውሻ፣ ጠባዩ ላስቸገረውም ጭምር፣ በሽልማት ማሠልጠንን ነው የመከረው።

መንገድ ላይ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከመጡስ? ጎንበስ ማለት ይሠራል፣ ግን የራሳችሁንም ውሻ ያስደነግጣል። እኔ በሌላኛው ኪሴ ደረቅ ዳቦ እይዛለሁ። ሲቀርቡ ወደነሱ እበትነውና እነሱ ሲለቅሙ እኛ ዞር ብለን እንሄዳለን። የራሳችሁ ውሻ ለመናከስ ቅርብ ከሆነ ደግሞ ቅርጫት መሳይ የአፍ መሸፈኛ አልምዱት፣ እያለከለከ ውኃ መጠጣት የሚችልበትን ዓይነት። በግድ አታልብሱት፣ ውስጡ ጉርሻ እያስቀመጣችሁ ራሱ አፍንጫውን እንዲያስገባ ቀናት ስጡት።

ነገሩ ካመለጠና ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ወዲያው ጤና ተቋም ይሂድ። ውሻው ተከትቧል ብላችሁ አትዘናጉ። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አይተካውም።

"ጥበቃውን ይተዋል" ብለው የሚሰጉ አሉ፣ አባቴ አንዱ ነው። አልተወም። ሌሊት አጥር የነካ ሰው ካለ አሁንም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ልዩነቱ ቀን ሙሉ ስለማይጮኽ ሲጮኽ ተነስተን እናያለን።

ከጀመርን 8 ወር ሆነን። ቆራሌው ከሩቅ ሲጣራ ዳማ አንዴ ወደ በሩ ያይና ወደ ማድቤት ይሮጣል፣ ሳንባው ያለበት ፍሪጅ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ሞተር ሳይክል ግን ገና ነን፣ ትናንት 40 ሜትር ላይ ነበርን፣ ዛሬ ዝናብ ስለነበር አልወጣንም።