የጭልፋው ዙር፦ ከአራት ኪሎ እንጦጦን እና ዋሻ ሚካኤልን በሳይክል እንዴት እንደሚዞሩ

ብዙ ሳይክል ነጂ እንጦጦ ወጥቶ ይወርድና «በቃ፣ ጨረስኩ» ይላል። እኔ የምነግራችሁ ዙር እዚያ ጋ ገና ግማሹ ነው። ካርታ ላይ ሲታይ ጭልፋ ይመስላል። እጀታው ከአራት ኪሎ ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ይወጣል። ሆዱ በቀበና አድርጎ የካን ይነካና በመገናኛ በኩል ዞሮ አራት ኪሎ ይመለሳል። ሁሉም ተደምሮ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ አያስፈራም። የሚያስፈራው ዳገቱ ሁለት መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚመጣው እግር ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እንጦጦ ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ።

ቀኑን መምረጥ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። በክረምት ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚያወጣው የየካው መንገድ ጭቃ ነው፣ ከአለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያንም ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ቀጥላችሁ የወሩን ቀን እዩ። ይህን ስልክ ላይ ያለው ካርታ አይነግራችሁም። በ1 ራጉኤል፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም ነው። በእነዚህ ቀናት መንገዱ ነጠላ በለበሰ ምዕመን ይሞላል። ለመሳለም ከሆነ እሰየው፤ ለሳይክል ግን ሌላ ቀን ፈልጉ። እሑድ ጠዋት መኪናው ቀለል ይላል። 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ሲነጋ ውጡ።

ሳይክሉን ማዘጋጀት

ውድ ሳይክል አያስፈልግም። ወፍራም ጎማ ያለው ተራ የተራራ ሳይክል ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ግዴታ ነው፦ የፊት ትንሹ ማርሽ የሚሰራ መሆን አለበት፣ ፍሬኑም ጤነኛ መሆን አለበት።

ፍሬኑን እንዲህ ሞክሩት። ከጎን ቆማችሁ የፊቱን ፍሬን ጨምቃችሁ ያዙ፣ ከዚያ ሳይክሉን ወደ ፊት ግፉት። የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሳ ካልቃጣው ያ ፍሬን ለእንጦጦ አይሆንም። እኔ ይህን የተማርኩት በጉልበቴ ነው። መጀመሪያ የወጣሁ ዕለት ዋዜማ ሳይክሌን ያየልኝ ሰው የፍሬኑን ጎማ በጥፍሩ ነካ ነካ አድርጎ «ገና ብዙ ይሄዳል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሄደ። እኔንም ይዞኝ ሄደ። ሽሮ ሜዳ ልደርስ ስል የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፣ ከዚያ መያዝ አቆመ፣ ከዚያ ቦይ ውስጥ ነበርኩ።

መለዋወጫ የውስጥ ጎማ እና ትንሽ መንፊያ ያዙ፤ ላይኛው ጫካ ውስጥ ጎሚስታ የለም። ሁለት ሊትር ውሃ፣ ሙዝ፣ የተበጠበጠ በሶ። በሶን የሚያህል የዳገት ስንቅ አላየሁም። ሄልሜት ማድረግ ሳይባልም ይታወቃል። ነፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬትም አትርሱ፤ ላይ ስትደርሱ ላባችሁ በአንዴ ይቀዘቅዛል።

እጀታው፦ እንጦጦ

ከአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ሐውልት ተነሱ። በብሔራዊ ሙዚየም በኩል ታልፋላችሁ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ድንቅነሽ ያለችበት ቤት በዚህ ሰዓት ዝግ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆያችሁ። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልትን ዞራችሁ ቀጥ በሉ። እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው ዳገት አሳሳች ነው። ሜዳ ይመስላል፣ ግን ይበላችኋል። ቀለል ባለ ማርሽ እየተጫወታችሁ እለፉት።

የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ሲያልቁ መንገዱ ቀና ይላል። ማርሽ የሚቀየረው እዚህ ነው፣ ዳገቱ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ አይደለም። ፔዳሉን እየደፈጠጡ ማርሽ መቀየር ሰንሰለት ያወልቃል። ትንሹን የፊት ማርሽ አስገቡና ተቀመጡ፣ ብድግ እያላችሁ አትርገጡ። መለኪያው ወሬ ነው። አጠገባችሁ ካለ ሰው ጋር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 3,000 እየተጠጋችሁ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል። በአጠገባችሁ ሯጮች እንደ ዋዛ ያልፏችኋል። ዝም ብላችሁ አሳልፏቸው። ወርዶ መግፋትም ነውር የለውም።

ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሟችኋል። ሸክማቸው ከራሳቸው ቁመት ይረዝማል፣ ወደ ጎንም መንገዱን ይይዛል። የቅርንጫፉ ጫፍ አስፋልቱን ሲጠርግ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። ኩርባ ላይ ሰውን ሳታዩ ያ ድምፅ ከተሰማችሁ ዳር ያዙ፤ እነሱ መታጠፍ አይችሉም፣ እናንተ ትችላላችሁ። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ማገዶ ስላለቀ ነበር። ዛሬም ሥራው ያው ነው፣ በሰው ጀርባ ይወርዳል።

እንጦጦ ማርያም ስትደርሱ እረፉ። አጼ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚህ ነው። ባለ ስምንት ጎኑን ቤተ ክርስቲያን ዞራችሁ እዩ፣ ከጎኑ ያለው የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥትም አያምልጣችሁ። «የንጉሥ ቤት ይህ ብቻ?» ትላላችሁ። እቴጌ ጣይቱ ብርዱን ትተው ወደ ፍልውሃ የወረዱበትን ምክንያት ላባችሁ ሲደርቅ በደንብ ይገባችኋል።

ጉልበት ካላችሁ በጫካው አድርጋችሁ ራጉኤልን እዩ። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ስለዚህ እዚያ ላይ መሪ አታጣምሙ፣ ፍሬንም በድንገት አትያዙ። ብቻችሁን ወደ ውስጥ አትዝለቁ። ሲመሽማ ጅቡም አለ። እረፍቱ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከተቀመጣችሁ እግር ይደርቃል።

ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ጨምቃችሁ አትውረዱ። ያዝ፣ ለቀቅ። ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ። መሀል ላይ አንዴ ቆማችሁ ሳይክሉን አሳርፉት፤ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ደግሞ ረዘም አድርጋችሁ ቁሙ።

ሆዱ፦ የካ

አራት ኪሎ ስትመለሱ ቤታችሁ ቅርብ ነው፣ ማኪያቶውም ይሸታል። ፈተናው ይህ ነው። አትቁሙ። በሶውን ጠጡና ወደ ቀበና ቁልቁል ልቀቁት። ድልድዩን ተሻግራችሁ እንግሊዝ ኤምባሲን እለፉ፣ የካ ሚካኤል አካባቢ ስትደርሱ «ዋሻ ሚካኤል በየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ያገኛችሁት ሰው ሁሉ እጁን ወደ ላይ ይጠቁማል። አዎ፣ ወደ ላይ ነው።

ይህ ዳገት አጭር ነው፣ ግን ክፉ ነው። አስፋልቱ ያልቅና ድንጋይና አፈር ይሆናል። እኔ ከግማሹ በላይ ገፍቼ ነው የምወጣው። አንዴ ታፋዬን ጡንቻ ይዞኝ መንገድ ዳር ተዘርግቼ ሳለ ሕፃናት ከበቡኝ። «ፋዘር፣ አይዞህ!» አለኝ አንዱ። ሌላው ሳይክሉን ያዘና ከእኔ በተሻለ ፍጥነት ገፍቶ አወጣው። ሙዜን ሰጠሁት።

ላይኛው ላይ የሚጠብቃችሁ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አፈ ታሪኩ ወደ አብርሃና አጽብሃ ዘመን ይወስደዋል፤ አጥኚዎች ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በመካከለኛው ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። ላሊበላን ያየ ሰው መጠኑ ላይሞላለት ይችላል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ከሥር መገናኛ ይጮሃል፣ እዚህ የመሮ ምት የታተመበት ግድግዳ በእጅ ይዳሰሳል። ጫማ አውልቁ፣ ቄሱን አስፈቅዱ፣ ሳይክሉን ከግቢው ውጭ ቆልፉት።

ቀሪው ከተማ ነው። በሾላ ወደ መገናኛ ውረዱ፣ የሳይክል መስመር ባለበት እሱን ያዙ። ሚኒባስ ባለበት ግን ዓይናችሁ የወያላው እጅ ላይ ይሁን፤ እጁ ከወጣ መኪናው ያለ ፍሬቻ ይቆማል። በ22፣ በኡራኤል አድርጋችሁ ካዛንቺስ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ አራት ኪሎ የምትወጡት ዳገት በሌላ ቀን ዳገት አይባልም። እዚያ ለፎቶ አትቁሙ።

አራት ኪሎ ደርሳችሁ ከሳይክሉ ስትወርዱ እግራችሁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ማኪያቶው አሁን ይፈቀዳል። ቤት ከገባችሁ ደግሞ ሳትተኙ የፍሬኑን ጎማ እዩት፤ አንድ ዙር ብዙ ይበላዋል። የሳሳ ከሆነ «ገና ብዙ ይሄዳል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ።