ለብሎጋችሁ ቴም ስትመርጡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሎግ ልጀምር ብሎ ተነስቶ ወር ሙሉ ቴም (የሳይቱን መልክ የሚወስን ዝግጁ ንድፍ) ሲያገላብጥ የሚከርም ሰው ብዙ ነው። ቴሙ ከተገኘ በኋላም ሁለት ጽሑፍ ሳይወጣበት ሌላ ፍለጋ ይጀመራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቴሙ ሳይሆን የአመራረጣችን ነው። ጽሑፍን ወደ ድረ ገጽ በሚቀይሩት ፕሮግራሞች፣ በሁጎም በጄኪልም፣ ሳይት ስሠራ የገጠሙኝን ልንገራችሁ።

በዴሞው መማረክ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቴሙን የሠራው ሰው ለዴሞው፣ ማለትም ለማሳያ ሳይቱ፣ ፎቶ መርጦለታል። ርዕሱ ሦስት ቃል፣ አንቀጹ አራት መስመር ነው። የእናንተ ጽሑፍ ግን እንደዚያ ተለክቶ አይመጣም። አንድ ጊዜ የፊት ገጹ በትልልቅ ፎቶ የተሞላ ቴም መረጥኩ። ሲያዩት ልብ ይሰርቃል። የራሴን ጽሑፎች ሳስገባበት ግን ፎቶ የላቸውምና በየቦታው ግራጫ ሳጥን ተደረደረ። ረጅሙ ርዕሴ ደግሞ መሃል ላይ ተቆርጦ በሦስት ነጥብ አለቀ።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት የራሳችሁን ጽሑፍ አስገቡበት። በጣም ረጅሙን፣ ፎቶ የሌለውን፣ ሠንጠረዥ ያለበትን። ሁጎም ሆነ ጄኪል ሳይቱን እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ያሳያችኋል፣ ለማንም ሳይታይ መሞከር ትችላላችሁ። ከዚያ መስኮቱን እስከ ስልክ ስፋት ድረስ አጥብቡት። ሠንጠረዡ ከስክሪኑ ወጥቶ ገጹን ወደ ጎን ከገፋው ያ ቴም ይቅርባችሁ።

ፊደሉን ሳያዩ መወሰን

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኛው ቴም ይዞት የሚመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ያኔ ብራውዘሩ ከአንባቢው መሣሪያ ያገኘውን ይተካል፦ ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማ ወይም ኒያላ፣ ማክ ላይ ከፋ፣ አንድሮይድ ላይ ኖቶ። እናንተ ያያችሁትና አንባቢው የሚያየው አንድ አይደለም ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛል፣ ፈቃዱም ክፍት ነው። ፋይሉን ሳይታችሁ ውስጥ አስቀምጡና የፎንት ዝርዝሩ ላይ ጨምሩት።

የመስመር ክፍተቱንም እዩ። ፊደላችን ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቀመጥ ለላቲን ተብሎ የተለካ ክፍተት ይጨናነቅበታል። እኔ ከ1.5 ወደ 1.8 ሳሳድገው ያው ጽሑፍ ተነፈሰ። ሌላው ጥቅስ ነው። ብዙ ቴሞች ጥቅስን አዘንብለው ያሳያሉ። ግዕዝ የተዘመመ ፊደል ስለሌለው ብራውዘሩ በግድ ያጋድመዋል፣ መልኩም ይበላሻል። ያንን አጥፉት፤ በምትኩ በግራ በኩል ያለ መስመር ይበቃል።

እግረ መንገዳችሁን የገጹ የቋንቋ መለያ ምን እንደሚል ተመልከቱ። አንዳንድ ቴም ላይ "እንግሊዝኛ" ተብሎ ተጽፎ ቀርቷል። ገጽ የሚያነቡ ፕሮግራሞች ድምፅ የሚመርጡት በዚያ መለያ ነው። ማየት የማይችል አንባቢያችሁ በዚህ ምክንያት ጽሑፋችሁን ሳያገኘው ሊቀር ይችላል።

የተተወ ቴም መውሰድ

የቴሙ ኮድ የሚገኝበት ገጽ ላይ ሰዎች የሰጡትን የኮከብ ብዛት ሳይሆን ኮዱ መጨረሻ የተነካበትን ቀን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሁጎ ዛሬም እየተለወጠ ነው፤ አሮጌ ትእዛዞችን አስቀድሞ ያስጠነቅቅና ኋላ ያስወግዳቸዋል። ባለቤቱ የተወው ቴም አዲሱ ስሪት ላይ ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል። ተጠቃሚዎች እዚያው የጠየቋቸው ጥያቄዎች ለዓመታት መልስ ካጡ የመተው ምልክት ነው። ቢያንስ የትኛውን የሁጎ ስሪት እንደሚፈልግ አንብቡ፤ ኤክስቴንድድ በሚባለው፣ ተጨማሪ ችሎታ ባለው የሁጎ ዓይነት ካልሆነ የማይሠሩ አሉ።

የቴሙን ፋይል ራሱን መነካካት

ቀለም ልቀይር ብላችሁ የቴሙ ፎልደር ውስጥ አትግቡ። ቴሙን ባዘመናችሁ ቀን ሥራችሁ ይጠፋል፣ ወይም እንዳይጠፋ ብላችሁ ሳታዘምኑ ትቀራላችሁ። ሁጎ ላይ የምትቀይሩትን ፋይል በዚያው ስም በራሳችሁ የሌይአውት ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ሁለቱ ሲገናኙ የእናንተው ይቀድማል። ጄኪልም እንዲሁ ነው።

ለጌጥ ብሎ መሸከም

ስላይደር፣ አኒሜሽን፣ ሲንሸራተቱ ብቅ የሚል ጽሑፍ። እንደ ሁጎና ጄኪል ያሉት የሚሠሩት ስታቲክ ሳይት (ገጾቹ አስቀድመው ተዘጋጅተው የሚቀመጡ ሳይት) የሚወደደው ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ይሄ ሁሉ ጃቫስክሪፕት ከተጫነበት ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? ነጭ ላይ የፈዘዘ ግራጫ ጽሑፍም ተዉ። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለመደበኛ ጽሑፍ በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብሩህነት ንፅፅር ይጠይቃል።

ጽሑፉን ከቴሙ ጋር ማሰር

ይሄ የሚታወቀው ቴም የቀየራችሁ ቀን ነው። ብዙ ቴሞች የራሳቸው ሾርትኮድ (ጽሑፉ ውስጥ የሚገባ አጭር ትእዛዝ) አላቸው፦ ለማስታወሻ ሳጥን፣ ለፎቶ ድርድር፣ ለቁልፍ። ደስ ይላሉ። እኔም አንዱን የማስታወሻ ሳጥን አርባ በሚሆኑ ጽሑፎች ውስጥ ተጠቀምኩበት። ቴም ስቀይር አዲሱ አያውቀውምና ሁጎ ሳይቱን አልሠራም አለኝ። እያንዳንዱን ፋይል እየከፈትኩ በእጄ አወጣሁት፣ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። አሁን የምጽፈው በተራ ማርክዳውን (ርዕስና ዝርዝርን በቀላል ምልክት በሚያሳይ አጻጻፍ) ነው። የግድ ሾርትኮድ ካስፈለገኝ ራሴ ሠርቼ ከቴሙ ውጪ፣ በራሴ ፎልደር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቴም ቀይሬያለሁ፤ አንድም ጽሑፍ መክፈት አላስፈለገኝም።