ለጨረራ ምርምር ጉባኤ ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ተመራማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ ባለው አካባቢ፣ ሥራው ከጨረራ ጋር የተያያዘ ሰው የመሀል ከተማ ነዋሪ ከሚገምተው በላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመረቀው የቃሊቲ የቆላ ዝንብ ማራቢያ ማዕከል ወንድ ዝንቦችን በጋማ ጨረራ ያመክናል፤ ቂሊንጦ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የኑክሌር ሪአክተር ቴክኖሎጂን ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱ አድርጎታል። ከእንዲህ ዓይነት ተቋማት የሚወጡ ጥናቶች በዓለም አቀፍ ጉባኤ ተቀባይነት ካገኙ በኋላ አቅራቢው በቦታው ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በእኔ ግምት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የጥናቱ ድክመት ሳይሆን የቀን ስሌት ነው፤ ተመራማሪው ወራቱን ሁሉ ለጽሑፉ ይሰጥና፣ ጉዞው ከጽሑፉ ቀድሞ የሚጀምር የራሱ የጊዜ ሰሌዳ እንዳለው የሚረዳው ዘግይቶ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም ጉባኤ በአንድ ዓይን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካዋ በርሊንግተን ተጀምሮ በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው፣ በ2015 በኪዮቶ፣ በ2019 በማንቸስተር፣ በ2023 ደግሞ በሞንትሪያል የተስተናገደው ዓለም አቀፍ የጨረራ ምርምር ኮንግረስ የሙያ ማኅበራት ጉባኤ በመሆኑ፣ ተሳታፊው በግሉ ይመዘገባል፤ ክፍያውንም እሱ ወይም መሥሪያ ቤቱ ይሸፍናል። መቀመጫውን ቪየና ያደረገው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሚያዘጋጃቸው ጉባኤዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የመመዝገቢያ ክፍያ የላቸውም፤ በምትኩ የተሳትፎ ቅጹ፣ የጽሑፍ ማቅረቢያ ቅጹና የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጹ በአገሪቱ በተሰየመው የመንግሥት አካል በኩል እንዲያልፉ ይጠበቃል። ኢትዮጵያ ኤጀንሲው ከተቋቋመበት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ስለሆነች መንገዱ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከትምህርት ክፍል የወጣ ደብዳቤ በዲኑ፣ በምርምር ዳይሬክቶሬቱና በሚኒስቴሩ አልፎ እስኪፈረም ድረስ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ኤጀንሲው ያወጣውን የመጨረሻ ቀን የራስ የመጨረሻ ቀን አድርጎ መያዝ ዘግይቶ እንደ መጀመር ይቆጠራል። ተመራማሪው ከዚያ ቀን ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ቅጾቹን ለፊርማ ማቅረብ ይኖርበታል።

ስሙ ብቻ ያማረ ጉባኤን አምኖ መክፈልም እየተለመደ መጥቷል። አጭር የጥናት መግለጫ በተላከ በሰዓታት ውስጥ «ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል መልስ ከመጣ፣ ያለ ግምገማ ክፍያ ከተጠየቀ፣ በዚያው ሆቴል በዚያው ሳምንት የጥርስ ሕክምናም የግብርናም ጉባኤ ከተጠራ፣ ነገሩን መተው ይሻላል። ጉባኤውን እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተውን የአሜሪካ የጨረራ ምርምር ማኅበር የመሰለ ነባር የሙያ ማኅበር ያውቀው እንደሆነ ማረጋገጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የቀን ነገር ከተነሣ፣ የመጨረሻ ቀንን በኛ አቆጣጠር ልማድ ማንበብ ሌላው ስህተት ነው። በማስታወሻ ደብተር ላይ «ኖቬምበር 30» የሚለውን «ኅዳር 30» ብሎ የጻፈ ሰው ዘጠኝ ቀን ያህል ያልፈዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በክረምት ወራቸው በቪየና እኩለ ሌሊት የሚዘጋ መቀበያ በአዲስ አበባ የሚዘጋው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ «በየትኛውም የምድር ክፍል» በሚል ስሌት፣ ማለትም ቀኑ በዓለም ሁሉ እስኪያልቅ በመጠበቅ፣ የሚሠሩት ጉባኤዎች ደግሞ እስከ ማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይጠብቃሉ። መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት የከተማ ዳርቻ የሚኖር ሰው ግን ይህን ትርፍ ሰዓት ባያውቀው እንኳ አይጎዳም፤ ከሁለት ቀን በፊት መላክ ነው ያለበት።

ከሁሉም በላይ ጉዞ የሚያስቀረው ስህተት የቪዛን ጊዜ አሳንሶ መገመት ነው። ታላላቆቹ የጨረራ ምርምር ጉባኤዎች ብዙ ጊዜ የሚውሉት በነሐሴ አካባቢ በመሆኑ፣ ማመልከቻው የሚገባው ተማሪውም ነጋዴውም ቤተሰብ ጠያቂውም ቀጠሮ በሚሻማበት ወቅት ነው። ለሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ የጋራ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። አመልካቹ ይህ ውሳኔ በማመልከቻው ጊዜ የጸና መሆኑን ከኤምባሲው መረጃ ማረጋገጥ አለበት። የጸና ከሆነ ግን ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ጉባኤው ነሐሴ 19 የሚከፈት ከሆነ፣ 45 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር ሐምሌ 4 ላይ ይውላል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ጊዜ ተጨምሮ ሰነዱ ቢዘገይ በሰኔ መጀመሪያ ገብቶ ማለቅ አለበት፤ ቀጠሮው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ከቪየና ተነሥቶ ለንደን ያለ ቤተ ሙከራ ጎብኝቶ በቪየና ለመመለስ ማቀድም አያዋጣም፤ ከሸንገን ክልል የወጣ ሰው በዚያው ቪዛ ተመልሶ አይገባም።

ከዚሁ ጋር የመሸጋገሪያ ነገር ይረሳል። ርካሽ ትኬት ፍለጋ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ሌላ አህጉር የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ባይወጣም እንኳ የኤርፖርት መሸጋገሪያ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ይህ ግዴታ ከተጣለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናትና። በአሜሪካ በኩል ማለፍም ቪዛ ይፈልጋል። ከቦሌ በቀጥታ የሚያደርስ በረራ ካለ፣ የዋጋው ልዩነት ለዚህ ሁሉ ጣጣ የሚበቃ አይመስለኝም።

ስምን በተለያየ መልክ መጻፍ ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ የሚያስመላልስ ስህተት ነው። እኛ በራስ፣ በአባትና በአያት ስም ስለምንጠራ፣ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል፤ በመጨረሻም የግብዣ ደብዳቤው፣ የጉዞ መድኑና ትኬቱ ሦስት የተለያዩ ሰዎች የሚጓዙ ያስመስላሉ። ሁሉም በፓስፖርቱ ላይ እንደ ታተመው፣ በዚያው ፊደል አጻጻፍና ቅደም ተከተል ይጻፍ። ለሸንገን ቪዛ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ፓስፖርቱም ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት።

በገንዘብ በኩል የሚሠራው ስህተት የቅደም ተከተል ነው። ባንኮች ለጉዞ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ሲሸጡ አብዛኛውን ጊዜ ቪዛና ትኬት ያያሉ፤ የጉባኤው የመመዝገቢያ ክፍያ ግን ከቪዛው ወራት ቀድሞ ይጠየቃል። ስለዚህ ጥናቱ ተቀባይነት ባገኘበት ሳምንት ለአዘጋጆቹ ጽፎ ክፍያው እንዲቀነስ፣ እንዲቀር ወይም በቦታው እንዲፈጸም መጠየቅ ይገባል። ብዙ አዘጋጆች ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር አላቸው፤ ያልጠየቀን ግን ፈልገው አይሰጡትም።

የጨረራ ባለሙያውን ብቻ የሚመለከቱ ስህተቶችም አሉ። በሥራ ቦታ ደረት ላይ የሚደረገውን የዶዝ (ሰውነት የተቀበለው የጨረራ መጠን) መለኪያ ባጅ በሻንጣ ይዞ መጓዝ መዝገቡን ያበላሻል፤ ባጁ በኤርፖርቱ የኤክስሬይ መፈተሻ ውስጥ ሲያልፍም፣ በከፍታ ላይ ለኅዋ ጨረራ ሲጋለጥም የሚመዘግበው መጠን ከሥራው የመጣ ሆኖ ይነበባል። ለማነጻጸሪያ ከሚቀመጠው የመቆጣጠሪያ ባጅ ጋር በመሥሪያ ቤቱ ይቀመጥ። አነስተኛ መሞከሪያ የጨረራ ምንጭ፣ የአፈር ናሙና ወይም የዝንብ ሙሽሬ «ለማሳየት ያህል» መያዝ ደግሞ ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም፤ ለእያንዳንዳቸው የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድና የተለየ የማጓጓዣ ሥርዓት አለ። በቅርብ ጊዜ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የታከመ ተጓዥ የሐኪም ደብዳቤ ይያዝ፤ የድንበር መፈተሻዎች ለሳምንታት ሊጮኹበት ይችላሉ።

በፖስተሩ ላይ የሚታየው ስህተት ከዚሁ የቀን ጉዳይ አይለይም። የጋማ ጨረራ ምንጭ የሆነው የኮባልት 60 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ኃይሉ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 5.27 ዓመት በመሆኑ የምንጩ ኃይል በየወሩ አንድ በመቶ ያህል፣ በዓመት ደግሞ 12 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የዶዝ ፍጥነቱን ጽፎ የተለካበትን ቀን ያልጻፈ ሰው፣ አንባቢው ሊደግመው የማይችል ሙከራ ነው ያቀረበው። የባሰው ግን የምንጩ ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ሆኖ ስሌቱ በአውሮፓውያኑ ሲሠራ ነው፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ተጨማሪ መቀነስ ስለሚታሰብ ውጤቱ ከእውነተኛው መጠን 40 በመቶው ወይም ከዚያ ያነሰው ብቻ ይሆናል። ከሰው ውጭ ያለ ሕዋስ ወይም ነፍሳት የተቀበሉትን ዶዝ በሲቨርት መጻፍም ገምጋሚን ያስቆጣል፤ ሲቨርት ሰውን ከጨረራ ለመጠበቅ የተበጀ መለኪያ ነው፤ ለእነዚህ አካሉ የተቀበለውን የጨረራ ኃይል የሚለካው ግሬይ ይጻፋል፤ አንድ ግሬይም በቀድሞው መለኪያ 100 ራድ ነው።

የፖስተሩ ኅትመት ነገር ቀላል ነው፤ የተለመደው ኤ ዜሮ የሚባለው የወረቀት መጠን 84.1 በ118.9 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሰሌዳው ቁመቱ የሚቆም ይሁን የሚተኛ አስቀድሞ ይጠየቅ። የሱቅ ባነር በሚያትሙ ቤቶች ከፕላስቲክ ይልቅ በጨርቅ ማሳተም ይመረጣል፤ ታጥፎ በእጅ ሻንጣ ይገባል።

የበረራውን ሌሊት ማሳሳትም አለ። ትኬቱ «ኦገስት 25፣ 00:15» ካለ፣ ይህ በኛ አነጋገር የነሐሴ 18 ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ነሐሴ 19 ማታ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣ ተጓዥ ነሐሴ 18 ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቦሌ መገኘት አለበት፤ በክረምት ዝናብና በምሽት የመኪና መጨናነቅ ደግሞ ገና በቀን ብርሃን ከቤት መውጣቱ ይመረጣል። ወደ ሕንድ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ከሆነ የቢጫ ወባ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተሰጠ ከአሥር ቀን በኋላ ነው።

የአውሮፕላን መሳፈሪያ ካርድን፣ የሆቴል ደረሰኝንና የተሳትፎ ምስክር ወረቀትን መጣልም አይገባም፤ የጉዞ ድጋፍ የሚሰጡ ብዙ ማኅበራት ገንዘቡን የሚተኩት ከጉዞው በኋላ፣ እነዚህን ሰነዶች አይተው ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ ክፍልም አበሉን ለማወራረድ እነዚሁኑ ይጠይቃል።