ሜዱሳ ኔቡላን ከጎንደር ሰማይ ላይ ፎቶ ማንሳት እንዴት ይቻላል?

በጥምቀት ሰሞን ሌሊት 6 ሰዓት ገደማ ጎንደር ላይ ቆማችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ብታዩ ሜዱሳ አናታችሁ ላይ ናት። በዓይን ግን አትታይም። መዝገብ ላይ አቤል 21 ትባላለች፤ ያለችውም በገውዝ ኮከቦች ክልል ነው። ኮከብ እያረጀ ሲሄድ የተፋው ጋዝ ናት። ዓይነቷን “ፕላኔታዊ ኔቡላ” ይሉታል እንጂ ከፕላኔት ጋር ምንም ዝምድና የላትም።

የሚያስፈልገው ትንሽ ቴሌስኮፕ (የእኔ 80 ሚሊ ሜትር ነው)፣ ሰማዩን በሞተር የሚከተል መቆሚያ፣ ጥቁርና ነጭ ካሜራ እና ሁለት ጠባብ ፊልተሮች ናቸው። አንዱ ፊልተር የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን 656.3 ናኖሜትር ላይ ያሳልፋል። ሌላው የኦክስጅንን አረንጓዴ ሰማያዊ 500.7 ላይ። ሜዱሳ ብርሃኗን በብዛት የምትለቀው በእነዚህ ነው። የመንገዱ መብራት አብዛኛው ፊልተሩ ላይ ስለሚቀር ከከተማ መሃልም ይሠራል። ብር ካላችሁ መቆሚያው ላይ አውጡት። ቴሌስኮፑ ይደርሳል። ኃይሉን ደግሞ ከባትሪ ውሰዱ፤ መብራት ሲሄድ ሌሊቱ አብሮ እንዳይሄድ።

አሁን ወደ ከባዱ ሥራ። መቆሚያው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ ማነጣጠር አለበት፤ ዋልታው ሰማዩ ዙሪያውን የሚዞር የሚመስለው፣ ከሰሜን ኮከብ አጠገብ ያለው ነጥብ ነው። ፈረንጆቹ መመሪያ ላይ “የሰሜን ኮከብን አይታችሁ አስተካክሉ” ብለው ያልፉታል። ጎንደር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት፤ የሰሜን ኮከብም ከአድማስ ከፍ የሚለው ያንኑ ያህል ብቻ ነው። እኔ ግቢ ሰሜኑን ኮረብታ ይዘጋዋል። የመጀመሪያ ሰሞን በስልክ ኮምፓስ ተማምኜ ከቆርቆሮ አጥሩ አጠገብ ተከልኩት። ቆርቆሮው ኮምፓሱን አዛብቶት ነበር። አራት ሌሊት በብርድ ተቀምጬ ያነሳሁትን ስከፍተው ኮከቦቹ በሙሉ እንደ ስንዴ ፍሬ ረዝመዋል። አንዱንም ማዳን አልቻልኩም። ኮምፓስን ለግምት እንጂ ለሌላ አትመኑት።

መፍትሔው ኮከብ ሲሸሽ እያዩ ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ዞራችሁ ከፍ ብሎ ያለ፣ ለሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትክክል በላይ ላለው የሰማይ መስመር) የቀረበ ኮከብ ያዙ። ቴሌስኮፑን ትንሽ ወደ ሰሜን ስትገፉት ኮከቡ ስክሪኑ ላይ የሚሄድበት አቅጣጫ ደቡብ ነው፤ እሱን ምልክት አድርጉ። ከዚያ እጃችሁን አንሱና ጠብቁ። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አልፏል፤ ወደ ምዕራብ መልሱት። ወደ ሰሜን ከሸሸ ተቃራኒውን አድርጉ።

ቀጥሎ በምሥራቅ ዝቅ ብሎ ያለ ኮከብ ያዙ። ወደ ደቡብ ከሸሸ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ከፍ አድርጉት። ወደ ሰሜን ከሸሸ ከፍ ብሏል። ሁለቱን ደጋግሙ። እኔ 5 ደቂቃ ሙሉ ካልተነቃነቀ ይበቃኛል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ይፍጅ፣ አትቸኩሉ።

ሌላው የእኛ አገር ጣጣ፣ ዘንጉ እዚህ ተኝቶ ስለሚውል ሚዛን መጠበቂያው ክብደት በሰሜን በኩል ያለውን የመቆሚያ እግር ሊመታ ይችላል። ያን እግር ወደ ደቡብ አዙሩት። ካሜራው ሳይበራ ቀን ላይ በእጅ እያዞራችሁ ሞክሩት።

ትኩረቱን አስተካክሉና አንሱ፣ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ። ጨረቃ ባለችበት ሌሊት ሃይድሮጅኑን፣ በሌለችበት ኦክስጅኑን። ኦክስጅኑ ደካማ ነው፤ ለእሱ ብዙ ሰዓት መድቡ። እኔ ለሃይድሮጅኑ 6፣ ለኦክስጅኑ 10 ሰዓት እሰጣለሁ። ንጋት ላይ ምንም ሳትነኩ ነጭ ጨርቅ በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ወጥራችሁ በየፊልተሩ ሃያ ሃያ ምስል ጨምሩ። የበጋ አቧራ ምስሉ ላይ የሚተወው ቀለበት የሚጠፋው በእነዚህ ብቻ ነው።

ምስሎቹን ሲሪል በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደራርቡ። ሃይድሮጅኑን ቀይ ላይ፣ ኦክስጅኑን አረንጓዴና ሰማያዊ ላይ አድርጉ። ከማዋሃዳችሁ በፊት ግን ሁለቱን ለየብቻ አብሩ፤ አለበለዚያ ቀዩ ኦክስጅኑን ይውጠዋል። ሰማዩንም ድቅድቅ ጥቁር አታድርጉት። ጥቂት ግራጫ ተዉለት፤ የሜዱሳ ቀጭኑ ጠርዝ ያለው እዚያ ግራጫ ውስጥ ነው።